ያልሞላው ምልዓተ ጉባኤ

ስሞቹን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነበር። 27ኛው ላይ ስደርስ ድምፄ እምቢ አለኝ። 61 ሰው በሸራ ሥር ተቀምጦ ያየኛል። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

ይህ የሆነው ደሴ ነው። ጦርነቱ ከተማችንን አልፎ ከሄደ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መጋቢት 2014። ጊዜው አለፈ፣ ነገሩ ግን አለቀቀኝም። የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ሕግ ምንድን ነው፣ ማን ያወጣዋል፣ ማን ያሻሽለዋል እያልኩ ልጆች ሳስተምር 17 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰሌዳው ፊት በቆምኩ ቁጥር ያ ሸራ ትዝ ይለኛል። እስቲ ልጻፈው አልኩ።

በሩ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ውስጥ

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። የኛ ቅሬ 126 አባወራና እማወራ አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ መዝገብ ላይ ነው የሰፈረው። እኔ ጸሐፊው ነኝ። ደንቡን የጻፉት ከኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹን ራሱ ቅሬው ቀብሯቸዋል።

ከተማው ተረጋግቶ ስንሰበሰብ ድንኳኑ የለም። ድስቱ የለም፣ ሳህኑ የለም፣ አግዳሚ ወንበሩ የለም። ሞት ደግሞ ድንኳን እስኪገዛ አይጠብቅም። ለቀስተኛው በፕላስቲክ ሸራ ሥር ይቀመጣል። ዝናብ ሲጥል ሸራው ውሃውን ያቁርና ሐዘንተኛው ላይ ይገለብጠዋል። ባሏን የቀበረች ሴት ነጠላዋ ተነክሮ ስትንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ድንኳን ለመግዛት ልዩ መዋጮ ማውጣት ነበረብን። ደንባችን ግን ልዩ መዋጮ ከ50 ብር እንዳይበልጥ ይላል። ሲጻፍ 50 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ስለዚህ ደንቡ መሻሻል አለበት።

ደንቡ የሚሻሻለው በአንቀጽ 22 ነው። ከጠቅላላው አባል ሁለት ሦስተኛው በአካል መገኘት አለበት። በሌላ ጉዳይ ሁሉ በሦስተኛው ጥሪ የመጣው ሰው ይወስናል። ለደንብ ማሻሻያ ግን ሦስተኛ ጥሪ የሚባል ነገር የለም። የጻፉት ሰዎች አውቀው ነው ያጠበቁት። ጥቂት ሰው ተሰብስቦ የብዙውን ደንብ እንዳይለውጥ ብለው ነው። ትክክል ነበሩ።

ከ126 ሁለት ሦስተኛው 84 ነው። በመጀመሪያው ጥሪ 58 ሰው መጣ። በሁለተኛው 63። ከሦስተኛው ስብሰባ በፊት የነበረው ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ መዝገቡን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። 43 አባል ሸሽቶ አልተመለሰም። አዲስ አበባ ያለ አለ። ደብረ ብርሃን ያለ አለ። አንዳንዱ የት እንዳለም አይታወቅም። ከተማው ውስጥ የቀረነው 83 ነን። ታማሚውን ተሸክመን፣ አራሷን ደግፈን፣ አንድ ሳይቀር ብንመጣ እንኳ 84 አንሞላም። አንድ ሰው ይጎድለናል።

እሺ፣ እንግዲያው አንቀጽ 22ን ራሱን እናሻሽለው። ከሁለት ሦስተኛ ወደ ግማሽ እናውርደው። በምን? በአንቀጽ 22። እሱ ደግሞ 84 ሰው ይፈልጋል። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ውስጥ ነው።

በሕግ አምላክ

ያን ማታ አንድ መላ ታየኝ። አንቀጽ 9 እንዲህ ይላል፦ ሦስት ወር በተከታታይ መዋጮ ያልከፈለ አባል ከመዝገብ ይሰረዛል። የሸሹት 43ቱም ሦስት ወር አልከፈሉም። ይሰረዙ። አባሉ 83 ይሆናል። የ83 ሁለት ሦስተኛ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 56 ነው። 56 ሰው ደግሞ በየስብሰባው ይመጣል። ከዚያ 22ን እናሻሽላለን፣ መዋጮውን እናነሳለን፣ ድንኳኑን እንገዛለን። አንዲት ፊደል አትጣስም። ደንቡ ራሱ በሩን ከውስጥ ይከፍተዋል።

ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ 61 ሰው መጣ። መላውን አስረዳሁ። የቅሬው ሰብሳቢ፣ ዳኛችን፣ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከኋላ የተቀመጡት አጨበጨቡ። እጅ አውጡ ሊባል ሲል ከሴቶቹ ወገን አንድ ድምፅ መጣ።

"በሕግ አምላክ!"

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ የሚላቸው እናት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ80 አያንስም። በሕግ አምላክ ከተባለ ሰው ይቆማል። ልጆች ሆነን ስንደባደብ እንኳ ይህን ቃል ከሰማን እጃችን ባየር ላይ ይቀር ነበር። እኔም ቆምኩ። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም እንጂ፣ በሕግ ስም ያስቆሙት ምንም ሕግ ያልጣሰ ሰው ነው።

"አንተ ልጅ፣ የምትሰርዛቸውን ስማቸውን አንብብ" አሉኝ።

"እትዬ፣ 43 ናቸው እኮ" አልኩ።

"ይሁኑ። ሰው ሲሞት እንኳ ጥሩምባ ተነፍቶ ስሙ ይጠራል። አንብብ።"

ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው፣ ማንም ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድሞ አካፋ ይዞ የሚወጣው ሰውዬ። ሰባተኛዋ፣ ግቢዋን ለለቅሶ እንቢ ብላ የማታውቅ ሴት። አሥራ አራተኛው፣ እኔ አባቴን ስቀብር ሦስት ሌሊት አብሮኝ ያደረ ጎረቤት። እያነበብኩ ስሄድ ሸራው ሥር ያለው ሰው እየተለወጠ መጣ። አንዱ "እሱማ…" ይላል። ሌላዋ ከንፈሯን ትመጣለች። 27ኛው የወንድሜ ስም ነበር። የአባቴና የእናቴ ልጅ ነው። አምስት ዓመት አልተነጋገርንም።

ይህን ሳልሸሽግ መጻፍ አለብኝ። ማታ ስቆጥር ስሙን አይቸዋለሁ። አይቼ አልፌዋለሁ። ወንድሜን ለመጣል ብዬ ያን መላ አላመጣሁም፤ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ግን መላው እሱንም ይዞት ሲሄድ ምንም አልተሰማኝም። ቅር አላለኝም። እስካሁን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

"ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ" አሉ እትዬ። "እነሱ በሰው አገር እንዲህ ሆነዋል። እኛ ደግሞ እዚህ ያለች ስማቸውን እንፋቅባቸው? ሲመለሱ ወዴት ይግቡ?"

ማንም አልመለሰም። ብዙ ቆይቶ አንድ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ መምህር፣ ወይ ደንቡን ይዘን ሰው እንጥላለን፣ ወይ ሰው ይዘን ደንቡን እንጥሳለን" አሉ። "እኔ እንጣሰው ባይ ነኝ። ግን ከጣስነው እንደጣስነው ይጻፍ።"

"ሐጂ፣ አንቱ እያወቁ!" አልኳቸው። ደንግጬ ነበር። "ይሄ እኮ ሕገ ወጥ ነው። ዛሬ በ61 ሰው ደንብ ከጣስን ነገ በ20 ሰው ይጣሳል።"

"ለዚህ ነው ይጻፍ ያልኩህ" አሉኝ።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ተከራከርን። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት ይህ ነው፦ "ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። በአንቀጽ 22 መሠረት ይህን ለመወሰን ሥልጣን የለንም። ሆኖም ሐዘንተኛን በዝናብ ማስቀመጥ ስላልቻልን ልዩ መዋጮ 300 ብር እንዲሆን ወስነናል። ውሳኔው ጊዜያዊ ነው። ያልተገኙት አባላት ከተመለሱ በኋላ ሁሉም በተጠራበት ስብሰባ ይጽና ወይም ይፍረስ። እስከዚያ ድረስ ማንም አይሰረዝም።" 61 ሰው ፈረመ። መጻፍ የማይችሉት በአውራ ጣታቸው። "ሥልጣን የለንም" የሚለውን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቃለ ጉባኤ ጽፌ አላውቅም።

ኳሱ የማን ነው

ወሬውን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ሕግ ነው የሚያጠናው። ሳቀና "አጎቴ፣ ይሄ እኮ ጨዋታ አለው" አለኝ።

ጨዋታው ኖሚክ ይባላል። ፒተር ሱበር የተባለ አሜሪካዊ የፍልስፍና ሰው ነው የፈጠረው፤ ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። የሚጀመረው በ29 ደንቦች ነው። 16ቱ የጸኑ ናቸው፣ 13ቱ በቀላሉ የሚቀየሩ። ተራህ ሲደርስ አንድ የደንብ ለውጥ ታቀርባለህ። ተጫዋቹ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ ዳይስ ትወረውራለህ፣ የወጣልህን ነጥብ ትይዛለህ። መጀመሪያ 100 የሞላ ያሸንፋል። ይህም የሚሆነው አንዱ ተነስቶ "ማሸነፊያው ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ይሁን" እስኪል ድረስ ነው። ደንቡን መቀየር ራሱ ጨዋታው ነው። የጸናውን ደንብ መጀመሪያ ወደሚቀየረው መደብ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ የሁሉም ተጫዋች ስምምነት ይጠየቃል። ደንቡ ተተብትቦ ጨዋታው መቀጠል የማይችልበት ደረጃ ከደረሰ ምን እንደሚደረግ ሳይቀር ተጽፏል፦ ተራውን መጨረስ ያቃተው የመጀመሪያው ሰው አሸናፊ ይሆናል።

አንድ እሁድ እኔ፣ የእህቴ ልጅ፣ ባለቤቴና እህቷ ቡና ተፈልቶ ተጫወትነው። የእህቴ ልጅ የሕግ ተማሪ ነውና ቶሎ ብሎ ረቀቀብን። ነጥብ የሚያበዛለትን ደንብ አስጸድቆ፣ እሱን የሚነካውን ደንብ ወደ ጸናው መደብ ሊያወጣ ሞከረ። ባለቤቴ ተራዋ ሲደርስ ያቀረበችው ደንብ ግን አንድ መስመር ናት፦ "ቡና የምታፈላ ሰው ተራዋ ይጠበቅላታል።" ጀበናው ሊገነፍል ሲል ስትነሳ ተራዋ እየታለፈባት ነበር። በአንድ ድምፅ አለፈ።

ከኖሚክ ደንቦች ውስጥ ደጋግሜ የማስበው ቁጥር 204ን ነው። መጀመሪያ ላይ ለውጥ የሚጸድቀው ሁሉም ሲስማማ ብቻ ነው። በኋላ በአብላጫ ድምፅ መሥራት ሲጀመር፣ ያለፈውን ሐሳብ ተቃውሞ የተሸነፈ ሰው 10 ነጥብ ያገኛል። እኛ አገር የተቃወመ ሰው ምን እንደሚያገኝ አንባቢ ያውቃል። እዚህ ግን በደንብ ተጽፎ ካሳ ተሰጠው። "ያለ አንተ ፈቃድ ደንቡን ቀየርን፣ ስለዚህ አንድ ነገር ዕዳ አለብን" እንደማለት ነው። ይህን ያሰበ ሰው ብዙ አስቦበታል።

የኛ የልጅነት ጨዋታም ቢሆን ደንቡን እየቀየረ ነው የኖረው። ከጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ሜዳ ላይ ስንጫወት ሦስት ኮርና እንደ አንድ ሪጎሬ ይቆጠር ነበር። ይህን የትኛው ፌዴሬሽን አጸደቀው? ሜዳው ሰፊ ስላልሆነ፣ ኮርና ለመምታት ቦታ ስላልነበረን እንደዚያ ተስማማን። ልጅ ሲጎድል በረኛው አጥቂም ይሆናል። ትንሽ ልጅ ሲገባ "እሱን ጠንክሮ መግጠም የለም" ይባላል። ደንቡ በየደቂቃው ይለወጥ ነበር፤ ጠቡም እንደዚያው። ከሁሉ በላይ ያልተጻፈው ደንብ ግን አንድ ነበር። የኳሱ ባለቤት ከተናደደ ኳሱን ይዞ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ሪጎሬ ሁልጊዜ የሚመታው እሱ ነው።

የተቀመጡበትን ወንበር ማንሳት

የኳሱን ባለቤት ሳስብ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ይታወሰኛል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሐምሌ ወር ሰጡ። "ሰጡ" ነው ቃሉ። በ1948 ራሳቸው በተሻሻለው ተኩት። የሰጠ እጅ ነው የቀየረው፤ ኳሱ የሳቸው ነበር። የ1948ቱን ደርግ በ1967 አገደው። የ1979ኙ፣ በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው፣ በ1983 ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ወደቀ። የማሻሻያውን በር ከፍቶ በሥርዓት የወጣ የለም። አንዱ በሰጪው እጅ ተተካ፣ ሌሎቹ ቤቱ ሲፈርስ አብረው ፈረሱ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው የአሁኑ ደግሞ በሩን በጣም አጥብቆ ሠራ። አንቀጽ 105ን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሁልጊዜ ጥቂት ቆም እላለሁ። ብዙው ድንጋጌ የሚሻሻለው ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁትና ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ሲደግፉት ነው። የምዕራፍ ሦስት መብቶች፣ አንቀጽ 104 እና ራሱ አንቀጽ 105 ግን ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው። አንድ ክልል እንቢ ካለ ቀረ። አንቀጹ ራሱን በራሱ ይጠብቃል።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "መምህር፣ 105ን የሚቀይረው ማን ነው?" አለችኝ። "ራሱ 105" አልኳት። "እንዴት? ሰው የተቀመጠበትን ወንበር ማንሳት ይችላል?" ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ስቄ አለፍኩት። መልስ አልሰጠኋትም። ዛሬ የት እንዳለች ባውቅ ይቅርታ እጠይቃት ነበር። ጥያቄዋ ዓለም ላይ ትልልቅ የሕግ ሰዎች የተጨነቁበት ጥያቄ ነው።

የዴንማርኩ የሕግ ሊቅ አልፍ ሮስ በዚሁ ነገር ተይዞ ነበር። የዴንማርክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 88 ማሻሻያ ምክር ቤቱ ከተቀበለው በኋላ ምርጫ ተካሂዶ አዲሱም ምክር ቤት እንዲቀበለው፣ ከዚያም በሕዝበ ውሳኔ ብልጫ እንዲያገኝ ይጠይቃል፤ ያም ብልጫ ከጠቅላላው መራጭ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። ታዲያ ይህን 40 በራሱ በ88 ወደ ሌላ ቁጥር መቀየር ይቻላል? ሮስ አይሆንም አለ። አንድ ደንብ ራሱን በራሱ ሲቀይር፣ አዲሱ ሥልጣኑን የሚያገኘው አሁን ከሻረው ከአሮጌው ነው። ስለዚህ ከ88 በላይ ያልተጻፈ ሌላ ደንብ አለ አለ። የኖሚኩ ሱበር ደግሞ በዚህ አልተስማማም። ሕግ ጸንቶ የሚቆመው ሰዎች ስለተቀበሉት ነው፤ ከተቀበሉት የሎጂክ እንቆቅልሽ አያስቆመውም ባይ ነው። ጨዋታውም ይህንኑ በተግባር ያሳያል። ሰው ተቀምጦ ይጫወተዋል፣ ወንበሩም ይነሳል።

እኔ ልቤ ወደ ሱበር ያደላል። ግን ያ ሸራ አያስተኛኝም። የኔንም መላ እኮ ሰው ተቀብሎት ነበር። አጨብጭቦለታል። እትዬ ባይኖሩ በ61 ድምፅ ያልፍ ነበር። የተቀበሉት ሁሉ እዚያ የነበሩ ናቸው። 43ቱ ግን እዚያ አልነበሩም። የማሻሻያ ደንብ ሲጠብቅ የሚጠብቀው ማንን ነው? እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ደንቡን ራሱን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። የሚጠብቀው ግን ድምፅ ሲሰጥ ያልነበረውን ሰው ነው። ስደተኛውን፣ ታማሚውን፣ ያልተወለደውን። እኔ ደግሞ ያው እነሱን የሚጠብቀውን ቁጥር ለመሙላት ብዬ እነሱን ከቁጥር አወጣኋቸው። ፊደሉ አልተነካም፣ ዓላማው ግን ተገለበጠ።

"በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" የሚለውን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። ሥርዓት ይከበር ለማለት ነበር የምጠቅሰው። 43 ስም በሥርዓት ሊሄድ ሲል ግን ሥርዓቱን ተከትሎ የሄደ ሁሉ በፍርድ የሄደ እንዳልሆነ ገባኝ። ፍርድ የሚባለው የሚሄድበት ሰው ሲሰማና ሲሰማለት ነው።

ቀድሞ እሱ ይምጣ

ስብሰባው ሲያልቅ ዳኛችን አንድ ነገር ጨመሩ። ጸሐፊው ለ43ቱም ይደውል። ስልኩ ለማይገኘው በዘመድ ያስነግር። ውሳኔውን ያንብብላቸው።

ከወንድሜ ጋር የተጣላነው በአባታችን ባህር ዛፍ ነው። ወደ ሐይቅ ከተማ መውጫ ያለችውን ቦታ ሳያማክረኝ ሸጣት። በሙት ዓመቱ ተዝካር ላይ፣ ሰው ፊት፣ ማልኩ። "ቀድሞ ደጄን ካልረገጠ ድምፄን አይሰማም" አልኩ። እሱም የማለ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ነገራችን ከአንቀጽ 22 አይለይም። መሐላው የሚፈታው እሱ ሲመጣ ነው። እሱ የሚመጣው እኔ ስጠራው ነው። እኔ የምጠራው መሐላው ሲፈታ ነው። ሽማግሌ መጥቶ ነበር፣ መለስኩት። ወሎ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁ አባጋሮች አሉት። ሰው ራሱን በራሱ ከቆለፈ ከውጭ የሚከፍትለት ሰው እንደሚያስፈልገው የገባቸው ናቸው። እኔ ግን ለባህር ዛፍ ማን አባጋር ይጠራል እያልኩ አምስት ዓመት ኖርኩ።

ሰው ልማዱን ልቀይር ሲል ቀያሪው ማን ነው? ያው ልማዱ የሠራው ሰው ነው። ቂመኛው እኔ "ቂሜን ልተው?" ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ መልሱን የሚሰጠኝ ቂመኛው እኔ ነኝ። በየዓመቱ በዓል ሲመጣ ይህን ጉባኤ በልቤ እጠራለሁ። በየዓመቱ ምልዓተ ጉባኤው አይሞላም።

42 ስልክ ደውዬ ጨረስኩ። አንድ ቀረ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደወልኩ።

"ሃሎ" አለ። ድምፁ አባታችንን መስሏል።

"የቅሬው ጸሐፊ ነኝ" አልኩት።

ዝም አለ። እኔም ውሳኔውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። "ማንም አይሰረዝም" የሚለው ጋ ስደርስ አቋረጠኝ።

"ስሜ መዝገቡ ላይ አለ?"

"አለ።"

"ከማን ቀጥሎ?"

"ከኔ ቀጥሎ" አልኩት። አባታችን ሲሞት ባንድ ቀን ነው የተመዘገብነው።

ትንሽ ቆይቶ "ልጆቹ ደህና ናቸው?" አለኝ።

ለአንድ ሳምንት ያህል ራሴን እንዲህ አጽናናሁ፦ መሐላዬን አላፈረስኩም፤ የደወለው ጸሐፊው ነው፣ እኔ አይደለሁም። ከዚያ ይህ ነገር ከየት እንደማውቀው ታወሰኝ። የአንቀጽ 9 መላ ነው። ቃሉን ሳይነኩ ማለፍ። በሐጂ መንገድ ከሄድኩ ግን የጣስኩትን እንደጣስኩት መጻፍ አለብኝ። ድጋሚ ደወልኩለት። "ያኔ የደወልኩት እኔ ነኝ። መሐላዬን አፍርሼ ነው" አልኩት። "አውቄአለሁ" አለኝ።

ከ13ቱ አንዱ

ጥር 2015 ላይ ሁሉም ተጠራ። 91 ሰው ተገኘ። አዲሱ ድንኳን ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ ያችን "ሥልጣን የለንም" የምትለዋን ቃለ ጉባኤ አነበብኩ። አንዳንድ ተመላሾች ተቆጡ። አንዱ "እኛ የምንበላው አጥተን ሳለ 300 ብር ዕዳ ጻፋችሁብን?" አለ። ከተከራከርን በኋላ መዋጮው ጸና፤ ሸሽተው ለነበሩት ግን በእኩሌታ ተቀነሰ።

ቀጥሎ እኔ ያረቀቅኩት አዲሱ አንቀጽ 22 ቀረበ። በሦስተኛው ጥሪ ከተገኙት ሁለት ሦስተኛው ደንብ ማሻሻል ይችላል የሚል ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ ዳግም ቢመጣ እንዳንቆለፍ ብዬ ነው። ወንድሜ ተነሳ።

"እንዲህ ያለ ጊዜ ዳግም ቢመጣ፣ ያኔም የማንኖረው እኛ ነን" አለ። "ይሄ አንቀጽ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ማንም አይደውልልኝም ነበር። ለሌለው ሰው ይደወል፣ ቃሉም ይመዝገብ የሚል ካልተጨመረበት እኔ እቃወማለሁ።"

ሐሳቡ ለድምፅ ቀርቦ ሳይደገፍ ቀረ። ሰው ደክሞት ነበር፣ ስልክ መደወሉንም ከባድ ሥራ አድርጎ አየው። የኔ ረቂቅ 78 ድጋፍ አገኘ። ተቃውሞ 13።

አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩት። ከዚያ ሥር፣ ማንም ሳያዘኝ፣ የወንድሜን ቃል እንዳለ ገለበጥኩት። መዝገቡን ብብቴ ሥር ይዤ ስወጣ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። አብረን ቁልቁል ወረድን።

"ቆጥረኸኛል?" አለኝ።

መንገዱ ላይ ቆሜ መዝገቡን ገለጥኩና አሳየሁት።